ከአዲስ አበባ እስከ ስሜን ተራሮች፦ ከነሾፌሩ የተከራየነው ሃርድ ቶፕ ሲመዘን

ይህ ጽሑፍ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ የመኪና አከራይና አስጎብኚ ድርጅት ከነሾፌሩ የተከራየነውን ቶዮታ ላንድ ክሩዘር፣ በተለምዶ ሃርድ ቶፕ የምንለውን መኪና፣ እንዲሁም ድርጅቱ ከውል ፊርማ እስከ ሒሳብ መዝጊያ ድረስ የሰጠንን አገልግሎት የሚመዝን ነው። መስመራችን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በደሴና በወልድያ አድርጎ ላሊበላ ይገባል፤ ከዚያ በደብረ ታቦር ዞሮ ባሕር ዳርንና ጎንደርን ካዳረሰ በኋላ በደባርቅ በኩል እስከ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይዘልቅና በጎጃም መንገድ፣ የዓባይን ሸለቆ አቋርጦ ይመለሳል። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ የማነሣቸው ጉድለቶች የአንድ ቤት ጥፋት ከመሆን ይልቅ የሙያው ልማድ ናቸው ብዬ አምናለሁና።

የተጓዝነው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ነው። ወሩንና ዓመቱን በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈለገኝ፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነትም ሆነ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት በዚህ መስመር ላይ ያሉትን ከተሞች በየጊዜው ስለነኩ ነው። ዛሬ ይህን መንገድ የሚያስብ ሰው ከመኪናው ዓይነትና ከዋጋው በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከየከተማው ነዋሪ ማጣራት ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ከውጭ አገር ሊመጡ የሚያስቡ ዘመዶቼ ስለ ኪራዩ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝና የውሉ ነገር ከጊዜ ጋር ብዙ የሚለወጥ ስላልሆነ፣ ያየሁትን በዝርዝር ማስፈሩ ይጠቅማል ብያለሁ።

መኪናውን የተከራየነው ለአራት ሰው ነበር፦ ለእኔና ለባለቤቴ፣ ከረጅም ዓመታት በኋላ ከአሜሪካ ለመጡት አክስቴና ባለቤታቸው። አክስቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ድርጅቱ ቢሮ ሄደን መኪናውን አስቀድመን ለማየት ጠየቅን፤ ግቢው ውስጥ የቆመ፣ ከኋላ ያሉት ወንበሮች እንደ ሚኒባስ ወደ ፊት እንዲዞሩ ተደርገው የታደሱ፣ ንጹሕ ሃርድ ቶፕ አሳዩን። ተስማምተን ቀብድ ከፈልን። በመነሻችን ዕለት ከጠዋቱ 12 ሰዓት በር ላይ የቆመው ግን ሌላ ነበር፤ ሞተሩም ጎማውም ደህና ሆኖ፣ የኋላ መቀመጫው ግን በግራና በቀኝ ግድግዳ ተለጥፎ ተሳፋሪ ፊት ለፊት የሚተያይበት የቀድሞው አግዳሚ ነው። ወደ ቢሮው ስንደውል ያሳዩን መኪና ከሌላ ጉዞ በሰዓቱ እንዳልተመለሰ ነገሩን። ውሉን አውጥተን ብናነበው የተጻፈው «አንድ ላንድ ክሩዘር ሃርድ ቶፕ» የሚል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሰሌዳ ቁጥር ያልሰፈረበት ውል ድርጅቱ ያሻውን መኪና እንዲልክ የሚፈቅድ ውል ነው፤ የታርጋውን ቁጥር ጠይቆ ማስጻፍ፣ ቢቻል ደግሞ የሊብሬውን፣ የቦሎውንና የመድኑን ቅጂ መያዝ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አክስቴ ከፊት ከሾፌሩ ጎን እንዲቀመጡ ተደርጎ፣ እኛም ፍራሽና ትራስ ጨምረን ጉዞው ተጀመረ።

ስለ መኪናው ራሱ ጥቂት ልበል፤ የዋጋው አብዛኛው ክፍል እሱ ነውና። በአገራችን ተራራማ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው ሃርድ ቶፕ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ነው። ቱርቦ አለመኖሩ በሁለት በኩል ይታያል። ሞተሩ ቀላል በመሆኑ በየትኛውም የወረዳ ከተማ የሚፈታውና የሚገጥመው መካኒክ አይጠፋም፤ መለዋወጫውም እንደዚያው በቅርብ ይገኛል። በሌላ በኩል ደግሞ አየሩ በሳሳ ቁጥር ሞተሩም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ከሲሶ በላይ ስለሚቀንስ፣ ተጨማሪ አየር የሚገፋለት መሣሪያ የሌለው ሞተር ነዳጁን አሟጥጦ ማቃጠል ያቅተዋል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ዳገቱንም በሁለተኛ ማርሽ ያዘግማል። ስለዚህ በዚህ መስመር ላይ ሃርድ ቶፕ የሚከራይ ሰው ፍጥነትን መጠበቅ የለበትም። የሚከፍለው ከፍ ላለው አካል፣ ለጠንካራው ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው የብረት ስፕሪንግ) እና ሁለት ታንክ ባላቸው መኪኖች 180 ሊትር ለሚይዘው የናፍጣ ቋት ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ከቢሮው ሲታይ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን በገጠር ከተሞች ማደያው «ናፍጣ የለም» የሚል ካርቶን ሰቅሎ ወረፋው መንገዱን ሲዘጋ፣ ከደሴ ሞልቶ የወጣ መኪና ሳይቆም ያልፋል። የእኛ ሾፌር ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ሁልጊዜ ይሞላ ነበር።

ምቾቱን በተመለከተ እውነቱን መናገር ይገባል። ባሌስትራው ለጭነት የተሠራ በመሆኑ፣ መኪናው ባዶ ሲሆን በኮረኮንች ላይ የኋላው ተሳፋሪ ይናጣል፤ ጭነት ሲበዛበት ደግሞ ይለሰልሳል። ሻንጣዎቻችን ሁሉ ፖርቶመጋላው (የጣሪያው ዕቃ መጫኛ) ላይ ታስረው ስለነበር በመጀመሪያው ቀን ወገባችን ተንገላታ፤ በማግስቱ ሾፌሩ ከባድ ከባዱን ዕቃና የውኃውን ጀሪካን አውርዶ ከወንበሩ ሥር ሲደለድለው ልዩነቱ ወዲያው ታወቀን። በተጨማሪም ጣሪያው የከበደ መኪና ኩርባ ላይ ይወዛወዛል፤ ይህን ያወቅነው እሱ ከነገረን በኋላ ነው። አክስቴ መሳፈሪያው ከፍ ብሎባቸው ስለተቸገሩ ከደብረ ብርሃን አንዲት የእንጨት በርጩማ ገዛን፤ እስከ መጨረሻው አገለገለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የዚህ አገልግሎት ዋጋ ያለው መኪናው ላይ ሳይሆን ሾፌሩ ላይ ነው። ሾፌራችን የየጁ ሰው ነው፤ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ሲነዳ ብዙ የማያወራ፣ ሲቆም ግን የሚጫወት። ደብረ ብርሃንን አልፈን ወደ ጣርማ በር ስንቃረብ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው የሠሩት ዋሻ ርዝመቱ 587 ሜትር ነው፤ ከዚህኛው አፉ ሲገቡ ብርድና ጉም፣ ከዚያኛው ሲወጡ ደግሞ እግር ሥር የተዘረጋው የደብረ ሲና ገደል ይቀበላል። ሾፌሩ ዋሻውን እንደወጣ መኪናውን ዳር አስይዞ ወረደ፤ አራቱንም ጎማዎች ተመለከተ፣ የፍሬን ዘይቱን አየና ተመልሶ ገባ። ከዚያ ነጥብ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርዳማ ደጋ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለ ቆላ የሚያወርድ ነው። «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» የሚለውን የሾፌሮች ሕግ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሲፈጸም የሚታየው ግን አልፎ አልፎ ነው። ከፊታችን የሚወርዱት ከባድ መኪኖች የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ እየለቀቁ ሲሄዱ፣ የእኛ ሰው ሞተሩን እያስጮኸ፣ ፍሬን የሚነካው ኩርባው ሲጠብ ብቻ ነበር። አክስቴ መጀመሪያ ጩኸቱ ስላስደነገጣቸው «ወንድሜ፣ መኪናው ታመመ እንዴ?» ብለው ጠየቁ፤ እሱም «አይደለም እማማ፣ እየያዘልን ነው» አላቸው። ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎና በሶ ገዝተን፣ እሱ ጎማዎቹን በእጁ ዳስሶ ሙቀታቸውን ለካ፤ ከአጠገባችን የቆመ አንድ አይሱዙ ጎማው ላይ ውኃ እየተደፋበት በእንፋሎት ተሸፍኖ ነበር።

ሁለተኛው ፈተና የምሽት ጉዞ ነው። ደሴ ላይ ምሳ ከበላን በኋላ በሐይቅ በኩል ስናልፍ፣ ወንዶቹ እስጢፋኖስ ገዳምን ለማየት ስለፈለግን ጊዜው ሄደብን፤ ሴቶች ወደ ገዳሙ ስለማይገቡ ባለቤቴና አክስቴ ከውኃው ዳር ቆዩ። ውጫሌን ስናልፍ ሾፌሩ የ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመበት ቦታ መሆኑን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግሮን፣ ዓይኑ ግን ፀሐይዋ ላይ ነበር። የአክስቴ ባለቤት ያን ዕለት ወልድያን አልፈው ዳገቱን እንዲወጡ ፈልገው ወተወቱ። «ጋሼ፣ ከመሸ በኋላ መንገዱ የከብቱና የአይሱዙው ነው፤ እኔ ደግሞ እናንተን አደራ ተቀብያለሁ» ብሎ ወልድያ ገብቶ ሞተሩን አጠፋ። አነስተኛ የጭነት መኪኖች በአገራችን «አል ቃይዳ» የሚል ቅጽል ስም ያተረፉት በከንቱ አይደለም፤ መብራት የሌለው ጋሪ፣ ከገበያ የሚመለስ እግረኛና አስፋልቱ ሙቀት ላይ የሚተኛ ከብት ሲጨመርበት የሌሊት መንገድ ማለት ይኼው ነው። የድርጅቱ የጉዞ ዕቅድ ግን በዚያ ዕለት ላሊበላ እንደምናድር ይገልጽ ነበር። ዕቅዱን ያወጣው ሰው ካርታ ላይ ያለውን ኪሎ ሜትር በሰዓት አካፍሎት መሆን አለበት፤ አዲስ አበባና ወልድያ በመካከላቸው 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢኖርም፣ በዚህ መልክዓ ምድር ኪሎ ሜትር ስለ ጊዜ የሚናገረው ጥቂት ነው። ሾፌሩ ዕቅዱን በጨዋ አንደበት አፍርሶ የራሱን ስለሠራልን እናመሰግነዋለን።

በማግስቱ የወጣነው ከወልድያ ወደ ወረታ የሚዘልቀውን፣ በቻይና እርዳታ በመሠራቱ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ የሚባለውን ነው። በድልብ በኩል ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ ከላይ የጠቀስኩትን የትንፋሽ ማጠር በግልጽ አሳየ፤ የገብስ አዝመራ የሚታጨድበት ወቅት ስለነበር ግን ዝግታው ማንንም አላስቆጣም፣ ማሳው ሁሉ እንደ ወርቅ ነበር። ጋሸና መገንጠያው ላይ ብርዱ የሚጠብቅ ነው፤ እዚያ ሻይ ሳይጠጣ የሚያልፍ ሾፌር የለም። ከጋሸና ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከደጋው ጠርዝ ወደ ተከዜ ተፋሰስ እየወረደ ሄዶ እንደገና ወደ ከተማው ይወጣል። ላሊበላን ካየን በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ለመሄድ ያንኑ መንገድ ተመልሰን ጋሸና መድረስ ነበረብን፤ ይህን ልብ ይሏል፣ የሒሳቡ ጭቅጭቅ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ተጽፏልና እዚህ አልደግመውም። ከአገልግሎቱ አንጻር መናገር የሚገባው ሾፌሩ በከተማው ውስጥ ምን እንዳደረገ ነው። ብዙ አስጎብኚ ድርጅቶች ሾፌሩ ደንበኞቹን ወደ ተመረጠ ሆቴልና ወደ ተመረጠ ሱቅ እንዲወስድ ይጠብቃሉ፤ ከዚያም ኮሚሽን አለ። የእኛ ሰው ሦስት ማደሪያዎችን ከነጉድለታቸው ነግሮን ምርጫውን ለእኛ ተወ፤ አንዱ ሙቅ ውኃ የለውም፣ አንዱ ደረጃ ይበዛዋል፣ ሦስተኛው ውድ ነው። የአክስቴን ጉልበት አስታውሶ ደረጃውን መጥቀሱን ወደድኩለት። በየቤተ ክርስቲያኑ መካከል ያለው መንገድ ለአረጋዊ ሰው አድካሚ እንደሆነም አስቀድሞ አስጠንቅቆ፣ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ስንሻገር መኪናውን እያዞረ ጠበቀን።

ከዚህ ላይ ስለ ሾፌሩ አበል መናገር ግድ ይላል። ድርጅቱ በውሉ ላይ «የሾፌር ወጪ ተካትቷል» ብሎ ጽፏል። የተካተተው ግን የቀን አበሉ ሲሆን፣ አበሉ በእንደ ላሊበላ ባለ የቱሪስት ከተማ የአልጋና የምግብ ዋጋ ፊት ምንም አይደለም። በመጀመሪያው ምሽት መኪናው ውስጥ ሊያድር መሆኑን የሰማነው ከሆቴሉ ጥበቃ ነው። ገደል ለገደል ሲነዳ የሚውል ሰው አልጋ ላይ ማደሩ የእሱ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ የተሳፋሪውም ደኅንነት ነው። ከዚያ ወዲህ አልጋውን እኛ ከፈልን፣ ማዕዱንም አብረን ቆረስን። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ስለገባ፣ እሱም አጥባቂ ጿሚ ስለሆነ እስከ ቀትር በኋላ እህል አይቀምስም ነበር፤ ረጃጅሞቹን የመንገድ ክፍሎች በጠዋት እንድንጨርስና ከሰዓት በኋላ እንድናርፍ ዕቅዱን ያስተካከልነው ለዚህ ነው። በጾም ወቅት በደጋው ከተሞች ከሽሮ፣ ከምስርና ከበየዓይነቱ ውጭ ብዙ ምርጫ አይገኝም፤ ለእኛ ይህ ጉድለት አልነበረም፣ የነፋስ መውጫው ሽሮ በተለይ።

ደብረ ታቦርን፣ ጉና ተራራን፣ የፎገራን ሜዳና ባሕር ዳርን በፍጥነት እዘልላለሁ፤ መንገዱ ደህና፣ ከተማውም ለማረፍ የተመቸ ነው፤ ስለ አገልግሎቱ የሚያስተምረው አዲስ ነገር የለም። ጎንደር ላይ ግን ሾፌሩ ግማሽ ቀን ይሰጠኝ አለ። ወደ ስሜን ከመውጣት በፊት ደህና ጋራዥ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ፣ ዘይቱን አየ፣ የባሌስትራውን ማሰሪያ አጠበቀ፣ ከዚያም ስኮርታውን፣ ማለትም መጠባበቂያ ጎማውን፣ አወረደ። ጎማው ጥርሱ ያለቀ ነበር። ወደ ድርጅቱ ደውሎ አዲስ እንዲገዛ ፈቃድ ሲጠይቅ «እንደምንም ይዘኸው ተመለስ» የሚል መልስ ተሰጠው። እሱ ግን ከገዛ ኪሱ አንድ ያገለገለ ነገር ግን ደህና ጎማና ትርፍ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) ገዝቶ፣ ደረሰኙን አጥፎ ሊብሬው ውስጥ አስቀመጠ። ይህን ስናይ የቀረውን ጉዞ በምን ዓይነት ሰው እጅ እንዳለን ተረዳን፤ ስለ ድርጅቱም እንዲሁ።

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ደባርቅ ሲሆን፣ የመግቢያው ክፍያ የሚከፈለው፣ አስጎብኚውና መሣሪያ የያዘው ስካውት የሚመደቡት እዚያ ነው። ድርጅቱ ከመነሻው ያልነገረን አንድ ተራ ነገር እዚህ ገጠመን፦ አስጎብኚውና ስካውቱ የሚሄዱት በጎብኚው መኪና ነው፤ ስለዚህ ሁለት ተጨማሪ ወንበር ያስፈልጋል። ወንበሮቹ ወደ ፊት የዞሩት፣ በቢሮው ግቢ ያማረን መኪና መጥቶ ቢሆን ኖሮ ቦታ ባልበቃን ነበር፤ ስናማርረው የከረምነው አግዳሚ ሁለቱንም ሰዎች ከነጠመንጃው በሰፊው አስቀመጠ። ለአራት ተጓዥ ወደ ስሜን መኪና የሚከራይ ሰው ወንበሩን ለስድስት ቆጥሮ ይከራይ። የፓርኩን ክፍያ፣ የስካውቱንና የአስጎብኚውን የቀን ሒሳብም ከኪራዩ ለይቶ ይያዝ፤ እነዚህ በየትኛውም «ሁሉን ያካተተ» በሚባል ዋጋ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ማረጋገጥ ያሻል።

ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር፣ ከዚያም ወደ ጨነቅ የሚሄደው መንገድ ጠጠር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተቋቋመውና ከላሊበላ ጋር በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ቦታ፣ መኪና እስከ ልቡ ድረስ የሚያስገባ መሆኑ እንደ አክስቴ ላሉ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፤ በእግር ቀናት የሚፈጀውን ገደል እሳቸው ከመኪና ወርደው ጥቂት እርምጃ በመራመድ አዩት። ጭላዳዎቹ መንገዱ ዳር ሣር እየነጩ መኪናውን ከምንም አይቆጥሩትም። ዋሊያ ያየነው ጨነቅ አካባቢ፣ አስጎብኚው ባመለከተን የገደል ጫፍ ላይ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን ከሩቅ አጥፍቶ መኪናውን በዝምታ ማንከባለሉን ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ከኋላችን የመጣ ሌላ የጉብኝት መኪና ጥሩምባ እየነፋ ባይደርስ ኖሮ ረዘም ላለ ጊዜ እናያቸው ነበር።

ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በላይ መንገዱ በቧሂት ትከሻ ላይ ከ4,000 ሜትር ከፍታ በላይ ይወጣል፤ ሾፌሩ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብቶ፣ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ በእጁ አዙሮ፣ በእግር ከሚሄድ ሰው ብዙም ባልበለጠ ፍጥነት አወጣን። ሞተሩ ጭሱን ጨሰ እንጂ አልተግለበለበም፤ የሙቀቱ መርፌ ከመካከል አላለፈም። ስንመለስ ግን ሹል ድንጋይ የኋላውን ግራ ጎማ ቀደደው። በዚያ ብርድና ንፋስ ውስጥ ክሪኮው ተተክሎ፣ ስካውቱ ጠመንጃውን ድንጋይ ላይ አስደግፎ እያገዘ፣ ከጎንደር የተገዛው ጎማ ገባ። የድርጅቱን ትእዛዝ ሰምተን ቢሆን ኖሮ ጥርሱ ባለቀ ጎማ ከዚያ ገደል ልንወርድ ነበር። ደባርቅ ያለው ጎሚስታ የተቀደደውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ከመነዳሪ አግብቶ ግን ለመጠባበቂያ የሚሆን አድርጎ መለሰው። ወደ ሊማሊሞ ጠርዝ ወጥተን ጠመዝማዛውን መንገድ ከላይ ሆነን ተመለከትነው፤ አልወረድነውም፣ መስመራችን እዚያ ያበቃ ነበርና።

መመለሻውን በጎጃም አደረግን። የዓባይ ሸለቆ ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ ቢሆንም፣ ከስሜን በኋላ ለሞተሩም ለእኛም ቀላል መሰለን።

አዲስ አበባ ስንገባ ሒሳቡ ጠበቀን። ውሉ በቀን የተወሰነ የኪሎ ሜትር ገደብ ነበረው፤ ከዚያ ላለፈ ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ተጨማሪ ይከፈላል። ድርጅቱ መጀመሪያ ግምቱን ሲሠራ ከጋሸና ላሊበላ ያለውን መንገድ መሄጃውን ብቻ ቆጥሮ መመለሻውን ዘንግቶታል፤ ከደባርቅ እስከ ጨነቅ ያለውን ደግሞ ጭራሹኑ አላስገባውም። መስመሩን ያወጣው ራሱ ድርጅቱ ስለሆነ ልዩነቱን እኛ መክፈል የለብንም ብለን ተከራከርን፤ ከብዙ ንግግር በኋላ ግማሹን ተካፈልን። የጎማው ነገር ከዚህ የባሰ ነበር። ሥራ አስኪያጁ የተቀደደውን ጎማ ዋጋ ከቀብዳችን ሊቀንስ፣ ሾፌሩ በራሱ ገንዘብ የገዛውንም «ሳይፈቀድ የተገዛ» ብሎ ላለመክፈል አሰበ። ሾፌሩ ደረሰኙን ከሊብሬው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ እኛም አሮጌው ጎማ ምን ይመስል እንደነበር በስልክ ያነሣነውን ፎቶ አሳየን። የሾፌሩ ገንዘብ ተመለሰለት፤ የእኛ ቀብድም ሳይነካ ተሰጠን። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም፤ መጨረሻ ላይ ይቅርታ ጠይቀው ቡና ጋበዙን። ነገር ግን ፎቶውና ደረሰኙ ባይኖሩ ውጤቱ ይህ ይሆን ነበር ለማለት ይከብደኛል።

ዋጋው ተገቢ ነበር ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ እንደ ተጓዡ ይለያያል። ጊዜው አጭር ለሆነና ላሊበላንና ጎንደርን ብቻ ማየት ለሚፈልግ ሰው አውሮፕላን ይሻለዋል፤ ሁለቱም ከተሞች የአውሮፕላን ማረፊያ አላቸው። ብቻውን ለሚጓዝ ወጣት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ከኪራዩ በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ጨነቅ ድረስ ግን አያደርሰውም። ለአራትና ለአምስት ሆኖ፣ አረጋዊ ይዞ፣ የፈለገበት ላይ እየቆመ መሄድ ለሚሻ ቤተሰብ ግን ከነሾፌሩ የተከራየ ሃርድ ቶፕ ገንዘቡን ያዋጣል። ነዳጁን በተከራዩ በኩል ማድረግን እመርጣለሁ፤ ነዳጅ ያካተተ ዋጋ ርካሽ ይመስላል፣ ሾፌሩን ግን ለናፍጣ ሲሳሳ መንገድ እንዲያሳጥርና ከዳገቱ በፊት እንዲመለስ ይገፋፋዋል። የጎማውን ሁኔታ፣ ስኮርታውን ጨምሮ፣ ከመነሻው ፎቶ ማንሣት፤ በጉዞ ላይ ለሚፈጠር የጎማና የጥገና ወጪ ኃላፊው ማን እንደሆነ ማስጻፍ፤ የመስመሩን ደርሶ መልስ ኪሎ ሜትር ድርጅቱ ራሱ ፈርሞ እንዲሰጥ መጠየቅ፤ እነዚህን ሳያሟሉ ቀብድ መክፈል ትርፉ ክርክር ነው።

በመጨረሻ ያወቅነው ነገር ደግሞ ምርጫችንን ሁሉ የሚለውጥ ነበር። ሾፌራችን የድርጅቱ ቋሚ ሠራተኛ አይደለም፤ ሥራ ሲገኝ የሚጠራ፣ ለበርካታ አከራዮች በየጉዞው የሚነዳ ሰው ነው። እኛ ቢሮ ገብተን መኪና ስናማርጥ፣ ማን እንደሚነዳው የጠየቀም የነገረንም አልነበረም፤ በዚያ ዕለት እሱ ባይገኝ ሌላ ሰው ይላክልን ነበር። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ሾፌሩን በአካል አግኝቶ ማነጋገር፣ መስመሩን ስንት ጊዜ እንደሄደበት፣ ሌሊት ይነዳ እንደሆነና ከጣርማ በር በስንተኛ ማርሽ እንደሚወርድ መጠየቅ፣ መልሱ ካረካም ስሙን ከሰሌዳው ቁጥር ጎን ማስጻፍ ይቻላል። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ አከራይ ካጋጠመ፣ ቀብዱን ሳይሰጡ ወደሚቀጥለው ቢሮ መሄድ ነው።